ሳሊ ቢሚሽን ደራሲ ያደረጋቸው ሌባ አይደለም

ይድረስ ለጥበብ ገጽ አዘጋጅ

በገጻችሁ ላይ ስለ ብሪታንያዊቷ የሙዚቃ ደራሲ ስለ ሳሊ ቢሚሽ የወጣውን አጭር ጽሑፍ በደስታ ጀምሬ በቅሬታ ጨረስኩት። የተደሰትኩት በጋዜጦቻችን ስለ አውሮፓ ክላሲካል ሙዚቃ ሲነሳ ከሞዛርትና ከቤትሆቨን ወዲህ ሰው የተወለደ ስለማይመስል ነው፤ ዛሬም በሕይወት ያሉ፣ ዛሬም የሚጽፉ ባለሙያ መነሳታቸው ትልቅ ነገር ነው። ቅር ያሰኘኝ ታሪኩ የተነገረበት መንገድ ነው። ቪዮላ የተባለችውን የገመድ መሣሪያ ይጫወቱ ነበር፤ ሌባ ቪዮላቸውን ሰረቀ፤ እጃቸው ባዶ ሲቀር ድርሰት ጀመሩ፤ ዝነኛ ሆኑ። የአንድ ሰው የዕድሜ ልክ ሥራ ለሌባ ተሰጠ!

ስርቆቱ እውነት ነው። የደረሰው በ1980ዎቹ መጨረሻ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ)። ወይዘሮዋም ሲጠየቁ አይሸሽጉትም፤ ወደ ድርሰት እንዲያደሉ እንደገፋፋቸው ይናገራሉ። ነገር ግን መሣሪያው የተሰረቀበት ተጫዋች ሁሉ ደራሲ አይሆንም። አብዛኛው ተበድሮም ቢሆን ሌላ ይገዛና ወደ ልምምዱ ይመለሳል። ስለዚህ መጠየቅ የነበረበት ጥያቄ ሌላ ነው፦ ከስርቆቱ በፊት ምን ነበር? ከዚያ በኋላስ ማን ደገፋቸው?

በፊት የነበረውን ላስቀድም። ሳሊ ቢሚሽ የተወለዱት በ1956 ለንደን ውስጥ ነው። እናታቸው ቫዮሊን ተጫዋች ነበሩ፤ ኖታ ማንበብና መጻፍ ያስተማሯቸውም ገና በሕፃንነታቸው ነው። በማንቸስተር የሰሜን ንጉሣዊ የሙዚቃ ኮሌጅ ቪዮላ ሲማሩ፣ ጎን ለጎን ድርሰትን ከአንቶኒ ጊልበርትና ከሌኖክስ በርክሌይ ተምረዋል። ከዚያም ወደ ጀርመን ዴትሞልድ ሄደው በጣሊያናዊው የቪዮላ ሊቅ በብሩኖ ጁራና ሥር አጥንተዋል። ሌባው ሲመጣ እኚህ ሴት ሲጽፉ የኖሩና በወጉ የተማሩ ነበሩ። የጎደላቸው ጊዜ ነበር።

ጽሑፋችሁ ጨርሶ ያልነካው፣ ለእኔ ግን የነገሩ ሁሉ እምብርት የሆነው፣ የቪዮላ ተጫዋችነታቸው ነው። ቪዮላ ከቫዮሊን በመጠን ትበልጣለች፤ ድምፅዋም ወፈር ይላል። በአራት ሰዎች የገመድ ሙዚቃ (በኳርቴት) ውስጥ ዜማውን አብዛኛውን ጊዜ ቫዮሊን ይወስደዋል፤ መሠረቱን ቼሎ ይይዘዋል፤ ቪዮላዋ መካከል ላይ ናት። አድማጭ እምብዛም ልብ አይላትም፤ ብትወጣ ግን ቤቱ ይፈርሳል። ተጫዋቿ ግራና ቀኟን ሳትሰማ አንድም ኖታ በትክክል ማስቀመጥ አትችልም። ወይዘሮ ቢሚሽ ከተጫወቱባቸው ቡድኖች አንዱ የሆነው ራፋኤል ኤንሰምብል የስድስት ሰዎች ቡድን ነበር፦ ሁለት ቫዮሊን፣ ሁለት ቪዮላ፣ ሁለት ቼሎ። ቡድኑ የጀርመናዊውን ደራሲ የብራምስን ሁለት ሴክስቴቶች (የስድስት ተጫዋቾች ሥራዎች) ሲቀርጽ ከቪዮላዎቹ አንዷን የያዙት እሳቸው ናቸው። እነዚያን ሥራዎች ከውስጥ ሆኖ የተጫወተ ሰው የትኛው ድምፅ የትኛውን እንደሚሸፍን፣ የትኛው የቀስት አመታት እንደሚያደክም፣ አንድ ተጫዋች ገጽ ለመግለጥ መቼ ፋታ እንደሚያገኝ በጆሮውም በክንዱም ያውቃል። የእሳቸውን ሥራ የሚጫወቱ ሰዎች ጽሕፈቱ ለእጅ እንደሚመች ቢመሰክሩ አይገርመኝም።

ከዚያ ስኮትላንድ መጣች። በ1990 ከለንደን ወደዚያ ተዛወሩ፤ ከቼሎ ተጫዋቹ ከሮበርት ኧርቪንና ከደራሲው ከጄምስ ማክሚላን ጋር ሆነውም የስኮትላንድ ቻምበር ቡድን የተባለውን አቋቋሙ (ቻምበር በጥቂት ተጫዋቾች የሚቀርብ ሙዚቃ ነው)። ለአንድ ደራሲ ከዚህ የሚበልጥ ዕድል የለም። የጻፈውን የሚጫወትለት ያጣ ደራሲ ስህተቱን የሚያውቀው ከዓመታት በኋላ ነው፤ ተጫዋች አጠገቡ ያለ ግን ወረቀቱ ሳይደርቅ ይሰማዋል። በ1993 የፖል ሃምሊን ፋውንዴሽን የድርሰት ሽልማት ተሰጣቸው። ከ1998 እስከ 2002 ደግሞ የስዊድንና የስኮትላንድ ቻምበር ኦርኬስትራዎች ከስዊድናዊቷ ካሪን ሬንክቪስት ጋር በጋራ የቤት ደራሲ፣ ማለትም ለተወሰነ ጊዜ ለእነሱ የሚጽፉ ደራሲ፣ አድርገው ያዟቸው። ጊዜ የተገኘው በዚህ መንገድ ነው፤ በስርቆት አይደለም።

ስለ ገንዘብ ማውራት ከጥበብ ገጽ ክብር በታች ነው የሚል ካለ አልስማማም። የለንደኑ ዊግሞር ሆል በቻምበር ሙዚቃ ዓለም ከታወቁት አዳራሾች አንዱ ሲሆን መቀመጫው 550 አካባቢ ነው። ቲኬቱ ሁሉ ቢሸጥ እንኳ ገቢው ከአንድ ኳርቴት አራት ተጫዋቾች አልፎ ዓመቱን ሙሉ ሥራውን ሲጽፍ ለኖረ ሰው ኑሮ አይሆንም። ስለዚህ በብሪታንያ አዲስ ኳርቴት የሚወለደው በትእዛዝ ነው፦ አንድ ፌስቲቫል፣ አንድ አዳራሽ፣ አንድ ፋውንዴሽን ወይም ራሱ ቡድኑ ይከፍላል፤ ብዙ ጊዜም ሁለት ሦስት ሆነው ይጋራሉ። በስኮትላንድ ኦርክኒ ደሴቶች ይኖሩ የነበሩት ደራሲ ፒተር ማክስዌል ዴቪስ ከ2001 እስከ 2007 አሥር ኳርቴቶች የጻፉት ናክሶስ የተባለው የሙዚቃ አሳታሚ ስላዘዛቸው ነው፤ ሥራዎቹም እስከ ዛሬ «የናክሶስ ኳርቴቶች» ይባላሉ። የነጋዴ ስም በድርሰት ላይ ሲለጠፍ ትንሽ ቢከብድም፣ አሥር ኳርቴት አሥር ኳርቴት ነው።

ትእዛዝ ሲመጣ ደግሞ ጠቢብ ደራሲ ምንም አያባክንም። ወይዘሮ ቢሚሽ በብርድ ባሕር ላይ ስለሚንከራተት ሰው ከሚናገር አንድ ጥንታዊ የእንግሊዝ ግጥም ሦስት ሥራ አውጥተዋል፦ መጀመሪያ ለብቸኛ ቫዮሊን፣ ቀጥሎ ለፒያኖ ትሪዮ (ለፒያኖ፣ ለቫዮሊንና ለቼሎ) ከትረካ ጋር፣ በመጨረሻም በ2001 ሁለተኛውን የቪዮላ ኮንቸርቶ (ብቸኛ ተጫዋች ከኦርኬስትራ ጋር የሚጫወተውን ሥራ)። የመጀመሪያውን የቪዮላ ኮንቸርቶ ያስደመጡት ከዚያ ቀደም ሲል፣ በ1995 በለንደን በየዓመቱ በሚካሄደው የሙዚቃ ፌስቲቫል፣ በቢቢሲ ፕሮምስ ነበር። መነሻው ጴጥሮስ ዶሮ ሳይጮኽ ሦስት ጊዜ መካዱ ነው። ለተሰረቀባቸው መሣሪያ የጻፉት ትልቅ ሥራ የክህደት ታሪክ መሆኑን ከመጥቀስ ሌላ ትርጉም አልሰጠውም፤ ጽሑፋችሁ ግን ምሳሌ ፍለጋ ከወጣ ሌባውን ትቶ ይህን ባነሳ ይሻል ነበር።

ስለ ሽልማታቸው «በርካታ» ብላችሁ አልፋችኋል። አንዱን ብቻ በስሙ ልጥራው። በ2011 በፕሮምስ የቻምበር ሙዚቃ ዝግጅት ላይ ኤሊያስ ኳርቴት የተጫወተው «ሪድ ስታንዛስ» የተሰኘው ሦስተኛው ኳርቴታቸው በ2012 የንጉሣዊ ፊልሃርሞኒክ ማኅበርን የቻምበር ድርሰት ሽልማት አግኝቷል። የኳርቴቱ ሁለተኛ ቫዮሊን ዶናልድ ግራንት የስኮትላንድን ባህላዊ የፊድል (የሕዝብ ዜማ ቫዮሊን) አጨዋወት ይዞ ያደገ ሰው ነው፤ ሥራውም ያንን ድምፅ ታሳቢ አድርጎ ተጽፏል። ሁለተኛ ቫዮሊን ብዙውን ጊዜ አጃቢ ነው። መካከል ላይ ተቀምጣ የኖረች የቪዮላ ሴት ግን ከአጃቢዎቹ አንዱን ወደ ፊት ብትጠራ ምን ይደንቃል?

የቪዮላዋ ታሪክም በስርቆቱ አላበቃም። የወይዘሮዋ ልጅ የገመድ መሣሪያ ሠሪ ሆና ለእናቷ ቪዮላ ሠርታላቸዋለች፤ በእሷም ወደ መድረክ ተመልሰዋል። ይህን ለምን እንደተዋችሁት አልገባኝም።

የምጠይቃችሁ ብዙ አይደለም። በሚቀጥለው ጊዜ ስለ አንድ ደራሲ ስትጽፉ ቢያንስ የሁለት ሥራ ስም፣ የተጫወቷቸውን ሰዎችና የተሰሙበትን ዓመት አስገቡልን። ተማሪዎቼ ገጻችሁን ያነባሉ፤ ባለፈው ጽሑፍ ግን ስልካቸውን ከፍተው የሚፈልጉት አንድም የሙዚቃ ርዕስ አላገኙበትም። ለጊዜው ከ«ሪድ ስታንዛስ» እንዲጀምሩ ነግሬአቸዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የሙዚቃ መምህር፣ አዲስ አበባ