ሰይዶ፣ አለሁ

ሰላም ሰይዶ፣

ሁለት ዓመት ድምፄን አጥፍቼ ዛሬ ብቅ ስል እንደምትሰድበኝ አውቃለሁ። ስደበኝ፣ ግን አንብበህ ጨርስ።

አባዬ ታሟል። ደረቱ ውሃ ቋጥሯል ተባለና ቲቢ ነው ብለው ስድስት ወር መድኃኒት አስዋጡት። ውሃው ይቀዳል፣ ተመልሶ ይሞላል። አዲስ አበባ ወስጄው ከሳንባው ሽፋን ናሙና ሲመረመር ሜሶቴሊዮማ የሚባል የሳንባ ሽፋን ካንሰር ሆኖ ተገኘ። ሐኪሟ መጀመሪያ የጠየቀችው «አስቤስቶስ ያለበት ቦታ ሠርተዋል?» ብላ ነው፤ ብናኙ ሳንባ ውስጥ የሚገባው የማዕድን ክር ማለት ነው።

ጋራዡ ትዝ ይልሃል? ከአሰብ የሚመጡት ፊያቶች ተደርድረው፣ አባዬ የፍሬን ሸራ ሊቀይር ታምቡሩን በኮምፕሬሰር ሲያስነፋ፣ እኛ አቧራው ውስጥ ስንሯሯጥ? የዚያን ጊዜ ሸራ አስቤስቶስ ነበረበት። በሽታው ደግሞ ከ20 እስከ 50 ዓመት አድፍጦ ይቆያል። (አሁን እኔም ሳል በያዘኝ ቁጥር እደነግጣለሁ፣ አንተንም ስላስደነገጥኩህ ይቅር በለኝ።)

ማታ ማታ ስለዚህ ብቻ ነው የማነበው። ለዓመታት ዋናው ሕክምና ሲስፕላቲንና ፔሜትሬክስድ የሚባል ኬሞ ነበር። በፈረንጆቹ 2020 አሜሪካ ኒቮሉማብና ኢፒሊሙማብን አብረው እንዲሰጡ ፈቀደች። ለአባዬ «የሰውነትህን ወታደር ካንሰሩ ፍሬን ይዞበታል፣ መድኃኒቱ ፍሬኑን ይለቃል» አልኩት። «ፍሬን ከሆነማ እኔው እፈታዋለሁ» ብሎ ሳቀ፣ ከዚያ ሳሉ አላስጨርሰው አለ።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። በ605 ሰዎች ላይ በተደረገው ጥናት ከታማሚዎቹ ግማሾቹ በሕይወት የቆዩበት ጊዜ በኬሞ 14 ወር ሲሆን በአዲሱ መድኃኒት 18 ወር ሆነ። ግን በሽታው በሴሎቹ መልክ በዓይነት ይከፈላል፣ ብዙ የጠቀመውም ኤፒተሊዮይድ ላልሆነው ዓይነት ነው። የአባዬ ኤፒተሊዮይድ ነው፣ ለእሱ ዓይነት ልዩነቱ ሁለት ወር ገደማ ነው። ወንድሜ ግን አንዲት ቁጥር ይዞ ቀርቷል፦ ከሦስት ዓመት በኋላ ከመቶ 23ቱ በሕይወት ነበሩ፣ በኬሞ 15ቱ። «አባዬ ከ23ቱ አንዱ ቢሆንስ?» ይላል። ቤቱን ሸጠን ሕንድ እንሂድ ባይ ነው። እህቴ ቀዶ ሕክምና ትላለች፣ የእንግሊዞቹ ጥናት ከኬሞ በላይ የጠቀመው እንደሌለ እያሳየኋት እንኳ።

እኔ ቤቱ ይሸጥ ማለት አልቻልኩም፣ አይሸጥ ማለትም አልቻልኩም። ለዚህ ነው የጠፋሁብህ፣ ወላሂ።

አንተ ፋርማሲ ውስጥ ነህ፣ እዚያ አዲስ አበባ መድኃኒቱ ይገኝ እንደሆነ፣ አንዱ ዙርስ ስንት እንደሚያወጣ አጣራልኝ። ሐሙስ ውሃውን ሊቀዱለት ደሴ ይዤው እወጣለሁ። ማታ ከመግሪብ በኋላ ደውልና አብሽር በለው። ብቻ ጮክ ብለህ አውራ፣ ኮምፕሬሰሩ ጆሮውንም አልማረውም።