የደቻቱን ግድግዳ ግራጫ ላስቀቡት ኃላፊ፦ ግልጽ ደብዳቤ

ጉዳዩ፦ በላዩ ላይ ስለተቀባበት ሥዕል

ክቡርነትዎ፣

ስምዎን አልጽፍም። ትዕዛዙን የሰጡት እርስዎ ይሁኑ ሌላ ሰው እስከ ዛሬ የሚነግረኝ አልተገኘም፤ ደግሞም ደብዳቤው እጅዎ ሲገባ ለማን እንደተጻፈ አይጠፋዎትም። ድሬዳዋ ላይ አንቱታ ብዙም አይወደድም፤ ሰፈር ውስጥ ብንገናኝ «አንተ» ብዬ ወንበር ስቤልዎ ቡና እንጠጣ ነበር። እስካሁን ያስገባኋቸው ማመልከቻዎች ግን ሁሉም «ክቡርነትዎ» ብለው ስለጀመሩ ይኸኛውም ወጉን አያፍርስ።

ማመልከቻዎቹ የት ደረሱ? መዝገብ ቤት ገቢ ሆነዋል፤ ቁጥርና ቀን ተመትቶባቸዋል። አንዱ «ተመርቷል» ይባላል፤ የመራው ሰው ግን ፊልድ ወጥቷል። ሌላው ጠረጴዛዎ ላይ ነው ተባልኩ፤ እርስዎ ስብሰባ ላይ ነዎት። ቅሬታ የሚሰሙት ባለሙያ ተቀይረዋል፤ የመዝገቡን ቁልፍ የያዘችው ልጅ ወሊድ ፈቃድ ላይ ናት (እግዜር በሰላም ያገላግላት፤ ከእሷ ጋር ጸብ የለኝም)። በግል የምጽፈውን ጨርሻለሁ። ከእንግዲህ ሰው እየሰማ እንነጋገር።

የሚቀጥለውን እርስዎ ሊዘሉት ይችላሉ፤ ያውቁታል። ለሌላው አንባቢ ነው።

ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ፣ 1998 ዓ.ም.። የድሬን መሀል የሚያቋርጠው የደቻቱ ወንዝ ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል አሸዋ ነው፤ ገበያ የሚዘረጋበት፣ ግመል የሚነዳበት፣ ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት ደረቅ አሸዋ። ያን ሌሊት ዋናው ዝናብ የወረደው ከላይ፣ ከሐረርጌ ተራሮች ላይ ነበር። ውኃው ታች የደረሰው ሰው ተኝቶ ሳለ ነው። ከ200 በላይ ሰው ወሰደ፤ ሺዎችን ያለ ቤት አስቀረ። አስከሬኑ ያልተገኘም አለ። ኋላ በወንዙ ዳር የመከላከያ ግንብ ተሠራ። በግንቡ ማንም ቅር አይለውም፤ እኔም ከጀርባው ነው የምተኛው። ግን ዳር ዳሩን ለምንኖር ሰዎች በራችንን በከፈትን ቁጥር የሚታየን ራቁቱን የቆመ ሲሚንቶ ነበር።

ሥራዬ ታፔላ መጻፍ ነው። የፀጉር ቤት፣ የፋርማሲ፣ የጁስ ቤት። ከተማው ውስጥ ስዞር የእጄን ጽሕፈት ሳላይ የምጨርሰው መንገድ ጥቂት ነው። ጎረቤቶቼ ግድግዳው ላይ አንድ ነገር እንሥራ ሲሉ የመጡት ስለዚህ ወደ እኔ ነው። የሞቱትን ስም እንጻፍ ያለ ነበር፤ ዝርዝሩ ሙሉ አይደለም፣ አንዱን ጽፈን ሌላውን ልንዘል ነው ተባለና ቀረ። መልካቸው ይሳል ያለም ነበር፤ ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ሙስሊም ጎረቤታችን ናቸው፣ «የሰው መልክ ባይሳል ደስ ይለናል» አሉ። ክርስቲያኖቹም ይሁን አልን። ዕቃ እንሳል ተባለ። ሰው የሄደበት ቤት ሁሉ ያን ሰው የሚያስብበትን አንድ ዕቃ ይንገረኝ፣ እኔ ልሳል። በዚህ ተስማማን።

እንዲህ ነው ግድግዳው የሞላው። የፔጆ 404 ታክሲ መሪ። የመስገጃ ምንጣፍ። ጠርዙ የተተለተለ ነጠላ። የስፌት መኪና። ባትሪው በላስቲክ የታሰረ ሬዲዮ። ጀበና፣ ክዳኑ የጠፋ ሙዳይ፣ የትምህርት ቤት ቦርሳ። አንድ ጥንድ የኳስ ጫማ። ቀለሙ የተገዛው ቤት ለቤት በተዋጣ ገንዘብ ነው፤ ከማንም በጀት ሳንቲም አልወጣም። ፈቃድስ? አውጥተናል። ቲተርና ማህተም ያለበት ደብዳቤ እጄ ላይ አለ፤ ኮፒውን ከእያንዳንዱ ማመልከቻ ጋር አያይዣለሁ፤ እርስዎ ዘንድ አንድ ፋይል የሚሞላ ኮፒ መኖር አለበት።

ስለ ኳስ ጫማው ልንገርዎት። የአንድ አፍላ ልጅ ነበር። አስከሬኑ ካልተገኘው ወገን ነው፤ መቃብር የለውም። እናቱ በየዓመቱ ሐምሌ 30 ጠዋት ይመጡና መዳፋቸውን ጫማው ላይ ያሳርፋሉ። አይናገሩም። ፊት ለፊት ያለችው ጎረቤት ቡና ታፈላላቸዋለች፤ ጠጥተው፣ መርቀው ይሄዳሉ።

ባለፈው ሐምሌ እንግዶች ይመጣሉ ተባለ። መንገዱ ተጠረገ፣ የዛፎቹ ግንድ ኖራ ተቀባ፣ ጉልት የሚቸረችሩት እናቶች ለጊዜው ዞር እንዲሉ ተነገራቸው። ግንቡም ሌሊቱን በሩሎ ሲቀባ አደረ። ግራጫ፤ ከዳር እስከ ዳር። ማለዳ እኚህ እናት በቀናቸው መጡ። ቦታውን ለምደውታልና መዳፋቸውን ሳያዩ አሳረፉ። ቀለሙ አልደረቀም ነበር። እጃቸውን አንስተው አዩት፣ ግድግዳውን አዩት፣ ከዚያ እኛን አዩን። አላለቀሱም። «ማነው ያዘዘው?» አሉ። እኔም ከዚያ ወዲህ በየመስኮቱ የጠየቅሁት ይህንኑ ነው፤ ሌላ ጥያቄ አልጨመርሁበትም።

መልስ አላገኘሁም ብል ግን ውሸት ይሆንብኛል። በቃል ብዙ መልስ አግኝቻለሁ። አንደኛው ክፍል «ግንቡ ጎርፍ መከላከያ ነው እንጂ የሥዕል ሰሌዳ አይደለም» አለኝ። ታዲያ ፈቃዱን ስትሰጡን ምን ይመስላችሁ ነበር? ሁለተኛው «ሥዕሉ በቅርስነት አልተመዘገበም» አለ። እሺ፣ ዛሬ እናስመዝግበው አልኩ። «ዛሬማ የለም፣ ምኑ ይመዘገባል?» ተባልኩ። ሦስተኛው እውነቱን የነገረኝ ይመስለኛል። «ሥዕሉ እኮ ያሳዝናል፤ እንግዳ ሲመጣ ሐዘን አይታይም።» ይህን ያለኝ ወጣት ክፉ ልጅ አይደለም፤ ስብሰባ ላይ የሰማውን ነው የደገመልኝ። ስብሰባውን የመሩት ግን እርስዎ ከሆኑ፣ እኛ አገር ለቅሶ ቤት የመጣ እንግዳ ድንኳኑን አፍርሱልኝ ብሎ ያውቃል?

ሕግ ልጥቀስልዎ አልመጣሁም፤ ሕጉን ከእኔ በተሻለ ያውቃሉ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 ላይ ቅርስን መንከባከብና ለሥነ ጥበብ መስፋፋት አስተዋጽኦ ማድረግ የመንግሥት ኃላፊነት እንደሆነ ያውቃሉ። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ሲተረጉም ታሪካዊ፣ ባህላዊና ጥበባዊ ዋጋውን እንደሚመለከት ያውቃሉ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 አንድ የሥራ አመንጪ ሥራው ክብሩን በሚነካ መንገድ ሲበላሽበት የመቃወም መብት እንደሰጠው ያውቃሉ። እኔ ታፔላ ጻፊው እስካውቀው ድረስ እርስዎ ሳያውቁት አይቀሩም። ያወቁትን ለመሻር አንድ ሌሊትና ጥቂት ጣሳ ቀለም ከበቃ፣ እነዚያ አዋጆች መደርደሪያዎ ላይ ምን ይሠራሉ?

ደግሞ እንግዶቹ ምን አዩ? ይህን በጣም አስቤበታለሁ፤ ምክንያቱም እኔም ዘመድ ሲመጣብኝ ከተማዬን አስጎበኛለሁ። ከለገሃር ጣቢያ ፊት እጀምራለሁ። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ሲደርስ ወደ ሐረር የሚያወጣው ተራራ ስለከበደ ግርጌው ላይ እንደቆመ፣ ከተማዋም መጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ትባል እንደነበር እነግራቸዋለሁ። ከዚያ ከዚራን በዛፎቹ ጥላ ሥር አሳልፋቸዋለሁ፤ መንገዱ ፈረንሳዮቹ እንዳሰመሩት ቀጥ ያለ ነው። ደቻቱን ስንሻገር መጋላ ነው፣ መንገዱ እንደ ፈለገው ይታጠፋል። ድሬን ድሬ ያደረጋት ይህ ይመስለኛል። ሁለት ከተማ፣ መሀላቸው አሸዋ። በየአገሩ የውኃ ዳር ከተማ እንግዳውን ባሕሩ ዳር፣ ሐይቁ ዳር ያንሸራሽራል። እኛ የውኃ ዳር ከተማ የምንሆነው ውኃው የመጣ ዕለት ብቻ ነው። ተራራው ግርጌ የሰፈረ ከተማ የተራራውን ውኃም ይቀበላላ! ያ ግድግዳ ላይ እንግዶቼን አቆማቸው ነበር። ጣቢያው ጋ ፎቶ ያነሱና ያልፋሉ፤ እዚህ ግን ቆመው «ይሄ የስፌት መኪና የማን ነበር?» ይላሉ። ሁልጊዜም የሚነግራቸው ሰው ከአንዱ በር ይወጣል።

ቱሪስቱ ድሬ በአውሮፕላን አርፎ ሻንጣውን ሳይፈታ ሐረር ይወጣል እየተባለ በየስብሰባው ይታማል። እውነት ነው፣ ይወጣል። ምን ይጠብቀው? ሐረር የጀጎልን ግንብ ዞሮ ያያል፣ ፈረስ መጋላ ላይ የጨለንቆን ሰማዕታት ሐውልት ያያል። ጀጎል በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ሐምሌ 1998 ነው። በዚያው ወር መጨረሻ ነው እኛን ደቻቱ የወሰደን። ጎረቤታችን ግንቡን አስመዝግቦ ሰው ይጠራበታል፤ እርስዎ የእኛን ግንብ ሰው ሲጠሩ ያስጠፋሉ።

የባሰ የሚያናድደኝ ደግሞ ይህ ሁሉ የሚሆነው የት እንደሆነ ነው። ከከተማው በስተደቡብ፣ ጥቂት ኪሎ ሜትር ላይ፣ ፖርክ ኤፒክ ዋሻ አለ። ተመራማሪዎች እዚያ ከ4,000 በላይ የቀይ አፈር ቁርጥራጭ አግኝተዋል፤ ከመካከሉ የተፈጨ፣ የተፋቀ፣ ለቀለም የተዘጋጀ አለበት። ዕድሜው ወደ 40,000 ዓመት ነው። በሙያ ሰዎቼ ናቸው ማለት ነው። ለገ ኦዳ በሚባለው ዋሻ ደግሞ አለት ላይ የተሳሉት ከብቶችና ሰዎች እስካሁን ይታያሉ፤ ዝናብ፣ ፀሐይና የእረኛ እሳት ጭስ አላጠፋቸውም። እነዚያ ሠዓሊዎች ከየትኛው ክፍል ፈቃድ እንዳወጡ አይታወቅም። ዕድላቸው ዋሻው እንግዶች በሚያልፉበት አስፋልት ዳር አለመሆኑ ነው።

ሰሞኑን ደግሞ ሌላ ወሬ ደረሰኝ። በግድግዳው ፋንታ «ዘመናዊ መታሰቢያ» ታስቧል አሉ፤ ንድፉን ያየ ሰው ነገረኝ። መብራት ያለው የውኃ ፏፏቴ ነው። ደግሜ ጠየቅሁት፤ አዎ፣ ፏፏቴ ነው አለኝ። ክቡርነትዎ፣ ውኃ ለወሰዳቸው ሰዎች መታሰቢያ የሚረጭ ውኃ? ያ ንድፍ ስንት ጠረጴዛ ላይ አልፎ ነው አንድ ሰው እንኳ «ኧረ ይሄ ነገር» ያላለው? ወሬው ሐሰት ከሆነ እሰየው፤ በደብዳቤ ያስተባብሉልኝና ይህን አንቀጽ እሰርዛለሁ። እውነት ከሆነ ግን ለምረቃው እኚያን እናት እንዳይጠሯቸው።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ካሣ አልፈልግም። ይቅርታም ቢሆን ለእኔ ሳይሆን ለእሳቸው ነው የሚገባው፤ ቤታቸውን አሳይዎታለሁ፣ በእግር ይደረሳል። ትዕዛዙን የሰጠው ማን እንደሆነና በምን ምክንያት እንደሰጠ በጽሑፍ ይሰጠኝ። ግድግዳውም ለሰፈሩ ይመለስ። ግራጫውን የሚሸፍነውን ቀለም እኛው እንገዛለን፤ ዕቃዎቹን አንድ በአንድ አስታውሳቸዋለሁ፣ የማስታውሰው እኔ ብቻም አይደለሁም። ከእርስዎ የሚፈለገው እጅዎን ማንሳት ነው።

መረጃ ለጠየቀ ሰው በ30 ቀን ውስጥ መልስ እንዲሰጥ አዋጅ ቁጥር 590/2000 ያዛል። የመጨረሻው ማመልከቻዬ ገቢ የሆነበት ቀን ማህተሙ ላይ ይነበባል፤ 30ው ቀን ካለፈ ሰነባብቷል። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት መዝገብ ቤቱ በር ላይ ነኝ፤ ታፔላዬን ከሰዓት በኋላ እጽፋለሁ። ስብሰባ ላይ ከሆኑ እጠብቃለሁ። ፊልድ ከወጡም እስኪመለሱ እጠብቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር፣
የደቻቱ ዳር ታፔላ ጻፊ

ግልባጭ፦
ለመዝገብ ቤቱ፤ ከቀደሙት ጋር አብሮ እንዳይጠፋ በሁለት ኮፒ።
ያን ሌሊት ግድግዳውን ለቀቡት የቀን ሠራተኞች፤ በእናንተ ቅሬታ የለኝም። ከመካከላችሁ አንዱ የኳስ ጫማው ጋ ሲደርስ ሩሎውን አስቀምጦ «ይሄንን እኔ አልቀባም» ብሎ እንደነበር፣ ፎርማኑም ቀምቶ ራሱ እንደቀባው ሰምቻለሁ። ልጁ በዚያ ምክንያት የቀን ሒሳቡ ተቆርጦበት ከሆነ ይምጣና ያናግረኝ፤ ታፔላ ቤቴ ውስጥ ሥራ አለኝ።