ፎቶአችሁን ለምን ኤዲት እንደምናደርግ፣ የቱ ጋ እንደምናቆም

ውድ ደንበኞቻችን፣

እንደምን ከረማችሁ? የጥር ሰርግ አለፈ። ዐቢይ ጾም ሊገባ ነው። ፎቶ ቤታችንም ትንሽ ጸጥ ብላለች። በዚህ ፋታ፣ ስንጠየቅ ኖረን በቆምንበት ብቻ ስንመልሰው የቆየነውን ነገር ቁጭ ብለን ልናስረዳችሁ ፈለግን።

ነገሩን ያነሱብን አንድ አባት ናቸው። የልጃቸውን የሰርግ አልበም ሊወስዱ ከኮዬ ፈጬ መጡ። ገጽ በገጽ ገለጡት። ዝም ብለው ቆዩና «ልጆች፣ ይሄ የተነሳው ነው ወይስ የተሠራው?» አሉን። ቁጣ የለበትም፤ ከልባቸው ነው የጠየቁት። «ኤዲት ያልተደረገውን ስጡኝ። እኔ እውነተኛውን ነው የምፈልገው» አሉ። በዚያው ሳምንት አንዲት ተመራቂ የጋውን ፎቶዋን ስክሪን ላይ እያየች «ትንሽ ቀላ አድርጉኝ፣ ፊቴንም ለስለስ» አለችን። እሳቸው ምንም አትንኩ ይላሉ፤ እሷ ሁሉንም ንኩ ትላለች። ለሁለቱም መልስ አለን።

የአባትየውን እናስቀድም። ኮምፒውተሩ ፊት ወንበር ሰጥተን አስቀመጥናቸውና ከካሜራ የወጣውን ፋይል እንዳለ ከፈትንላቸው። ቬሎው ግራጫ መስሏል። የሙሽራዋ ፊት ጨልሟል፤ ዓይኗ እንኳ በደንብ አይለይም። ከአዳራሹ የጌጥ መብራት የተነሳ ግድግዳውም፣ የሚዜዎቹ ሸሚዝም፣ የእናትየው ነጠላም ሐምራዊ ሆኗል። «እንዴ! ይሄማ እንዲህ አልነበረም። እኔ እኮ እዚያው ነበርኩ» አሉ።

እውነታቸውን ነው፤ እንዲህ አልነበረም። ካሜራ የሚያየውን ነገር አያውቅም። የብርሃን መለኪያው ከፊት ለፊቱ ያለውን ሁሉ በአማካይ መካከለኛ ግራጫ ነው ብሎ ይገምታል። ይሄ ግምት ብዙ ቦታ ይሠራል። እኛ ግን ለበዓላችን ነጭ የምንለብስ ሰዎች ነን። ሙሽራዋ ቬሎ፣ እናትየው ሐበሻ ቀሚስ፣ ዘመድ አዝማዱ ነጠላ ሲሆን ካሜራው ብርሃኑ የበዛ ይመስለውና ይቀንሰዋል። ያን ጊዜ ነጩ ግራጫ ይሆናል፤ ጠይም ፊት ደግሞ ጨለማ ውስጥ ይገባል። አዳዲሶቹ ካሜራዎች ፊት ለይተው ለማረም ይሞክራሉ፤ ሁሌ ግን አይሳካላቸውም። ዓይናችን ሌላ ነው። አምፖሉ ቢጫም ይሁን ሰማያዊ፣ ነጠላን ነጭ አድርጎ ያሳየናል። ስለዚህ አባትየው የሚያስታውሱት ሰርግ ያለው አልበሙ ውስጥ ነው፤ «ያልተነካው» ፋይል ውስጥ የለም።

እንዲያውም «ያልተነካ ፎቶ» የሚባል ነገር የለም። ይህን ስንል ለማጋነን አይደለም። ካሜራ ውስጥ ያለው ብርሃን ተቀባይ (ሴንሰር) ብዙ ሚሊዮን ጥቃቅን ነጥቦች አሉት። እያንዳንዷ ነጥብ የምትለካው አንድ ቀለም ብቻ ነው። ግማሾቹ አረንጓዴ፣ ሩቡ ቀይ፣ ሩቡ ሰማያዊ ያነባሉ። ይህን አሠራር ያወጣው ብራይስ ባየር የሚባል፣ የአሜሪካው ፊልም አምራች ኩባንያ የኮዳክ ሠራተኛ ነው፤ የባለቤትነት መብቱ የተሰጠው እ.ኤ.አ. በ1976 ነበር። ዛሬም አብዛኛው ካሜራና ስልክ በዚሁ ነው የሚሠራው። ለእያንዳንዷ ነጥብ የቀሩት ሁለት ቀለሞች ከጎረቤቶቿ ተሰልተው ይሞላሉ። ስለዚህ ከምታዩት ቀለም ሁለት ሦስተኛው ስሌት ነው። ስልክ ደግሞ አንዴ ስትነኩት በርካታ ፎቶዎችን አንስቶ አንድ ያደርጋቸዋል፤ አንዳንዱማ ሳትጠይቁት ፊታችሁን ያለሰልሳል። ኤዲቱ የማይቀር ነው። ጥያቄው ማን ይወስን የሚለው ነው፤ ሰርጋችሁን ያላየ ፋብሪካ ወይስ ሰርጉ ላይ የቆመ ሰው?

ለዚህ ነው ጥሬውን ፋይል፣ ማለትም ሴንሰሩ የለካውን ካሜራው ሳያቀናብር የሚያስቀምጥበትን፣ የምናነሳው። የእኛ ካሜራ በጥሬው ፋይል ላይ ለእያንዳንዱ ቀለም 16,384 የብርሃን ደረጃ ይይዛል። በስልክ የምትቀባበሉት ተራ ፋይል የሚይዘው 256 ነው። ጨለማ ውስጥ የገባ ፊት የሚወጣው በዚያ ልዩነት ነው። ስንሠራውም በግምት አይደለም። ሥራ ስንጀምር ሙሽራዋ ወይም አንዷ ሚዜ ትንሽ ግራጫ ካርድ እንድትይዝልን የምንለምነው ለዚህ ነው። «ይሄ ካርቶን ምንድነው?» ብላችሁ የጠየቃችሁን ብዙ ናችሁ። በኋላ ኮምፒውተር ላይ ያ ካርድ በትክክል ግራጫ እስኪሆን ቀለሙን እንመልሳለን። ካርዱ ሲስተካከል ፊቱም ነጠላውም አብረው ይስተካከላሉ።

ደግሞ ይሄ ኮምፒውተር ያመጣው ነገር አይደለም። ቋንቋችን ራሱ ይነግረናል። እናቶቻችን «ፎቶ አስነሳሁ» ብለው አያበቁም፤ «ፎቶውን አሳጠብኩት» ይላሉ። ማንሳት አንድ ሥራ፣ ማጠብ ሌላ ሥራ። ጨለማ ክፍል ውስጥ የሚያጥበው ሰው ብርሃኑን ወረቀቱ ላይ ሲያበራ የፈለገውን ቦታ በእጁ እየጋረደ ያፈካል፤ ሌላውን ብርሃን እየጨመረ ያጠቁራል። አሜሪካዊው አንሰል አዳምስ እ.ኤ.አ. በ1941 ኒው ሜክሲኮ ውስጥ ከአንዲት መንደር በላይ ጨረቃ ስትወጣ አነሳ። ያንኑ አንድ ነጌቲቭ ለአሥርት ዓመታት ደጋግሞ ሲያትመው ሰማዩን እያጠቆረው ሄደ። የመጀመሪያዎቹ ኅትመቶች ላይ ሰማዩ ግራጫና ደመናማ ነው፤ የኋለኞቹ ላይ ጥቁር ነው ማለት ይቻላል። እሱን ፎቶ አንሺ አይደለም ያለው የለም።

እዚሁ አዲስ አበባም በጥቁርና ነጭ ዘመን ፎቶ ቤቶች ፎቶውን በብሩሽ ቀለም ይቀቡት ነበር። አያቶቻችሁ ቤት ግድግዳ ላይ ፈልጉ። ከንፈሩ ሮዝ፣ ጥበቡ አረንጓዴና ቢጫ የሆነ ፎቶ ታገኙ ይሆናል። ጠጋ ብላችሁ እዩት፤ ቀለሙ አንዳንድ ቦታ ከጥበቡ መስመር ወጣ ብሏል። እኛ ያን ስናይ የሰው እጅ ይታየናል፤ ደስ ይለናል።

አሁን ወደ ከባዱ እንምጣ። የቱ ጋ ነው የምናቆመው?

ይህን የተማርነው አጥፍተን ነው። አንዲት እናት ከሴት ልጆቻቸው ጋር መጡ። ትልቅ ፎቶ ግድግዳ ላይ ሊሰቅሉላቸው ነው። ግንባራቸው ላይ የመስቀል ንቅሳት አለ፤ አንገታቸው ላይ ደግሞ ክብ ክብ እየዞረ የሚወርድ ንቅሳት፣ ዕድሜ ያደበዘዘው። ሥራ በዝቶብን ነበር። ፎቶውን ፊት በአንድ ጊዜ የሚያለሰልስ ፕሮግራም ውስጥ አስገባነው። በትልቁ አሳትመን፣ ፍሬም አድርገን ሰጠን። በማግስቱ ትልቋ ልጅ ፍሬሙን በነጠላ ጠቅልላ ይዛው ተመለሰች። «እማዬ አየችውና ‹ይቺ ማን ናት?› አለች» አለችን። ፕሮግራሙ የአንገታቸውን ንቅሳት እንደ ቆሻሻ ቆጥሮ ጠርጎታል። የግንባራቸው መስቀል ጥላ ብቻ ቀርቷል። ዓይናቸው ዳር ያለው የሳቅ መስመርም የለም። ቤታቸው ሄደን ይቅርታ ጠየቅን። እሳቸው ቡና አፍልተው ተቀበሉን። ንቅሳታቸውን በጣታቸው እየነኩ «ይሄን እኮ እናቴ ናት ያስነቀሰችኝ፣ ልጅ ሆኜ። ከሷ የቀረኝ ይሄ ነው» አሉን። ያንን ስንሰማ መሬት ተከፍታ ብትውጠን በወደድን ነበር።

ፎቶውን ከጥሬው ፋይል እንደገና ሠራንላቸው። ከዚያ ቀን ወዲህ ያ ፕሮግራም ፎቶ ቤታችን ውስጥ አይከፈትም። ፊት የሚሠራው በእጅ፣ አንድ በአንድ ነው። በሳምንት የሚጠፋ ነገር ይጠፋል፦ ብጉር፣ የወባ ትንኝ ንክሻ፣ ላብ፣ እንቅልፍ ያጣ ሰው ዓይን ሥር ያለው ጥቁረት ቀለል ይላል። አብሯችሁ የሚኖረው ግን ይቆያል። ንቅሳት አይነካም። ማርያም የሳመችው ምልክት አይነካም። ፍንጭት አንዘጋም። ጠባሳ የራሳችሁ ነው፤ አጥፉልኝ ካላችሁን ብቻ እንነጋገራለን። የአልበም ሥራ ሦስት ሳምንት የሚወስደውም፣ ዋጋው ላይ የኤዲቲንግ የምንጨምረውም በዚሁ ምክንያት ነው። ማሽን በሰዓታት የሚጨርሰውን እኛ ሰው አስቀምጠን ነው የምንሠራው።

«ቀላ አድርጉኝ» ላለችን እህታችንም፣ እንደሷ ለምትጠይቁን ሁሉ፣ በፍቅር እንንገራችሁ፦ ይህን አንሠራም። ጨለማ ውስጥ የገባ ፊት እናወጣለን፤ ያ ግዴታችን ነው። የፊታችሁን ቀለም ግን አንለውጥም። ልዩነቱን በምን ታውቁታላችሁ ካላችሁ፣ ስናስተካክል ፎቶው ላይ ያለውን ፊታችሁን እዚያው ካለው የእጃችሁ ጀርባ ጋር እናስተያየዋለን። ፊቱ ከእጁ ከቀላ፣ እኛ ተሳስተናል ማለት ነው።

ይህን አጥብቀን የያዝነው በምክንያት ነው። ለብዙ ዓሥርት ዓመታት የቀለም ፎቶ ማተሚያዎች የሚስተካከሉት አንዲት ነጭ ሴት ባለችበት የኮዳክ መለኪያ ካርድ ነበር። ሠራተኞቹ ካርዱን «ሸርሊ» ይሉት ነበር። የእሷ ፊት ካማረ ማሽኑ ልክ ነው ይባል ነበር። ጥቁር ሰው ሲነሳ ብዙ ጊዜ ጥርሱና የዓይኑ ነጭ ብቻ ቀርቶ ፊቱ ይጠፋ ነበር። የኩባንያው የቀድሞ ሰዎች እንደተናገሩት፣ ፊልሙ ቡናማን በደንብ እንዲለይ ከገፋፏቸው መካከል የቤት ዕቃና የቸኮሌት አምራቾች ነበሩ፤ እንጨቱና ቸኮሌቱ በፎቶ አላምርም ብሏቸው። ይህን ስናነብ አሞናል። ካሜራው እኛን ማየት ሲያቅተው ኖረ። ዛሬ ጠይሙንም፣ ቀይ ዳማውንም፣ ጥቁሩንም ለይቶ ማየት ሲችል፣ እኛው በገዛ እጃችን እናጥፋው?

ብርሃን መንካት ራሱ ሁሌ ንጹሕ እንዳልሆነም እናውቃለን። እ.ኤ.አ. ሰኔ 1994 የአሜሪካው ታይም መጽሔት በግድያ የተከሰሰውን የጥቁር አሜሪካዊውን የኦ.ጄ. ሲምፕሰንን የፖሊስ ጣቢያ ፎቶ አጥቁሮ ሽፋኑ ላይ አወጣ። በዚያው ሳምንት ሌላው መጽሔት ኒውስዊክ ያንኑ ፎቶ ሳያጠቁር አውጥቶት ስለነበር ሰው ሁለቱን ጎን ለጎን አየ። ሰውየው ይበልጥ የሚያስፈራ እንዲመስል ተደርጓል ተብሎ ትልቅ ቁጣ ተነሳ። የተጠቀሙት መሣሪያ እኛ በየቀኑ የምንጠቀመው ዓይነት ነው። ስለዚህ መሣሪያው አያድነንም። እዚያ የነበረ ሰው ፎቶውን አይቶ «አዎ፣ እንዲህ ነበር» ይል እንደሆነ ነው እኛ የምንጠይቀው።

ሰው ከፎቶ ማውጣትና ማስገባትም አለ። ከጀርባ የበረረ ፌስታል፣ የመብራት ሽቦ፣ የግንባታ አሸዋ ክምር እናወጣለን፤ እኛ ሰፈር ቱሉ ዲምቱ ላይ ያለዚህ አይሆንም። ሰው ግን ከቡድን ፎቶ አናወጣም፤ ዛሬ የተጣላችሁት ዘመድ ያን ቀን ቆሞ ነበር። በሕይወት የሌሉ አባት ወይም እናት ሰርጉ ላይ እንዲገቡ ስትጠይቁን ግን እምቢ ለማለት ልባችን አይችልም። ለብቻው ሠርተን እንሰጣችኋለን፤ አልበሙ ውስጥ አይገባም፤ ከጀርባው «የተቀናበረ» ብለን ከነቀኑ እንጽፍበታለን። ከ40 ዓመት በኋላ የልጅ ልጃችሁ ፎቶውን አንስቶ አያቱ ሰርጉ ላይ ነበሩ ብሎ እንዳይሳሳት ነው።

የጉርድ ፎቶ ነገር አጭር ነው። ለፓስፖርትና ለቪዛ የሚሆን ፎቶ ላይ ፊት አንነካም፤ ብጉርም ቢሆን። ለምሳሌ የአሜሪካ ቪዛ በኮምፒውተር የተለወጠ ፎቶ አይቀበልም፤ ከስድስት ወር በላይ የቆየውንም እንዲሁ። መነጽራችሁን አውልቁ ስንላችሁም ለዚሁ ነው።

ከእንግዲህ ማንኛውም ደንበኛ አልበሙ ከመታተሙ በፊት መጥቶ ጥሬውንና የተሠራውን ጎን ለጎን ማየት ይችላል። ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት ወንበሩን ለዚህ ነጻ እናደርጋለን። እኚያ አባትም አልበማቸውን ወስደዋል። አንድ ፎቶ ብቻ ሳይሠራ እንዳለ እንድናትምላቸው ጠይቀውን አትመንላቸዋል፤ ሁለቱን ጎን ለጎን ለልጃቸው ሊያሳዩ።

ባለፈው ዓመት ያ የማለስለሻ ፕሮግራም በነበረበት ጊዜ ፎቶ አሳትማችሁ፣ ፊታችሁ ወይም የእናታችሁ ፊት የራሷ ያልመሰላችሁ ካላችሁ፣ እባካችሁ አምጡት። ጥሬው ፋይል እኛ ጋ አለ። በነጻ እንደገና ሠርተን እናትምላችኋለን፤ ፍሬሙ ቢበላሽም እንቀይራለን።

በአክብሮት፣
ቱሉ ዲምቱ ያለው ፎቶ ቤታችሁ
የካቲት