ዴስክቶፓችሁን ስለማጽዳት

ሰላም ውድ አባላት፣

ባለፈው ስብሰባ ስክሪኔን ሳጋራችሁ ዴስክቶፔን አይታችሁ የሳቃችሁትን አልረሳሁም። እውነትም ጉድ ነበር። አሁን አጽድቼዋለሁና የጠቀመኝን ላካፍላችሁ።

ፋይሉን ራሱን ዴስክቶፕ ላይ አታከማቹ፤ አቋራጩን (ሾርትከት፣ ፋይሉን የሚከፍት ትንሽ ምልክት) ብቻ አስቀምጡ። ዊንዶውስ ላይ ፋይሉን በማውሱ ቀኝ ቁልፍ ይዛችሁ ወደ ዴስክቶፕ ጎትቱት። ስትለቁት ከሚመጣው ዝርዝር አቋራጭ ፍጠር የሚለውን ምረጡ። አቋራጭ ጥጉ ላይ ትንሽ ቀስት አለችው። ብትሰርዙት ዋናው ፋይል አይነካም። ቀስት የሌለውን ከሰረዛችሁ ግን የሚሄደው ፋይሉ ራሱ ነው። እኔ አንድ ሙሉ ሪፖርት እንዲህ ሰርዤ ሪሳይክል ቢን (የተሰረዙ ፋይሎች የሚቆዩበት ቦታ) ባይኖር ጉድ ሆኜ ነበር።

በየቀኑ የምትከፍቷቸውን ፕሮግራሞች ደግሞ ታች ታስክባሩ (ከስክሪኑ ግርጌ ያለው መስመር) ላይ ሰኳቸው። የዊንዶውስ ቁልፍን ይዛችሁ 1 ስትጫኑ የመጀመሪያው ይከፈታል፣ 2 ስትሉ ሁለተኛው፣ እስከ 9 ድረስ እንዲሁ። እጃችሁ ከለመደው ማውሱን ትረሱታላችሁ። መስኮት ከበዛባችሁ የዊንዶውስ ቁልፍና ዲ ሁሉንም ዝቅ አድርገው ዴስክቶፑን ያሳያሉ።

“አዲስ ፎልደር 4” የሚባል ነገር ያላችሁ ደግሞ፣ እባካችሁ ስም አውጡለት። በሚቀጥለው ስብሰባ ስክሪን የምታጋሩት እናንተ ናችሁ።