ይድረስ ለክብርት የጤና ሚኒስትር፦ ከውጤቱ እስከ ቀጠሮው ያለውን ጊዜ ለማን ተዋችሁት?

ለክብርት ዶ/ር መቅደስ ዳባ
የጤና ሚኒስትር
አዲስ አበባ

ግልባጭ፦ ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን

ጉዳዩ፦ የኤች ፒ ቪ (የማህፀን በር ካንሰር ሊያመጣ የሚችለው ቫይረስ) ምርመራ ውጤት ለሴቶች ስለሚነገርበት መንገድና በየሰፈሩ ስለሚሸጠው «የተፈጥሮ ፈውስ»

ክብርት ሚኒስትር፣ በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬ ይድረስዎ።

እርስዎ የማህፀንና ጽንስ ሐኪም ነዎት። ከሐኪሙ ጠረጴዛ ወዲያ ያለውን ጠንቅቀው ያውቁታል። እኔ የምነግርዎ ከጠረጴዛው ወዲህ ያለውን ነው።

ዕድሜዬ 39 ነው። ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ስሜን ያልጻፍኩት አፍሬ አይደለም። እሺ፣ ትንሽ አፍሬም ነው።

አምና ለሌላ ጉዳይ የሄድኩበት አንድ ክሊኒክ «ዕድሜሽ ከ30 አልፏል፣ የማህፀን በር ካንሰር ቅድመ ምርመራ አድርጊ» አለኝ። ደግ አደረጉ። ናሙና ሰጠሁ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ውጤቱን የተቀበልኩት በካርድ ክፍል መስኮት በኩል ነው። ወረቀቱ በእንግሊዝኛ «ኤች ፒ ቪ ፖዘቲቭ» ይላል። «ምን ማለት ነው?» አልኳት ልጅቷን። «ቫይረስ ተገኝቶብሻል። ዶክተሩ ሰኞ ነው የሚገባው» አለችና የቀጣዩን ሰው ስም ጠራች። ዕለቱ ሐሙስ ነበር።

በእኛ አገር «ፖዘቲቭ» የሚለው ቃል ለብዙ ሰው አንድ ትርጉም ብቻ ነው ያለው። ኤች ፒ ቪና ኤች አይ ቪ ደግሞ ለጆሮ ወንድማማች ናቸው። ወረቀቱን አጣጥፌ ጡት መያዣዬ ውስጥ ከተትኩና ታክሲ ያዝኩ። ወርጄ የት እንደቆምኩ አላስታውስም።

ማታ ባለቤቴን ቀና ብዬ አየሁት። አሥራ አራት ዓመት አብሮኝ የኖረ ሰው ነው። «ከየት አመጣው?» አልኩ በሆዴ። ወረቀቱን ሳሳየው እሱም ስለ እኔ ያንኑ ጠየቀ። አፍ አውጥቶ አልተናገረም። ትራሱን ይዞ ሳሎን ሄደ።

ሰኞ ስሄድ ዶክተሩ ስብሰባ ላይ ነው ተባልኩ። ለሦስት ሳምንት ተቀጠርኩ።

ክብርት ሚኒስትር፣ ይህ ደብዳቤ ስለነዚያ ሦስት ሳምንታት ነው።

እንቅልፍ ጠፋ። የወር አበባዬ ሁለት ሳምንት ዘገየና ደግሞ አርግዤ ይሆን እንዴ የሚል ሌላ ፍርሃት መጣ። በሽማግሌ ሳይሆን በልጆቻችን ምክንያት ታረቅን። መኝታ ቤት ግን እርቁን አልሰማም። እኔ ፍላጎት የሚባል ነገር የለኝም፤ ሲሞከርም ያመኛል። እሱም በተራው አልሆነለትም። ሁለታችንም ጥፋተኛው ቫይረሱ መሰለን።

ቫይረሱ አልነበረም፣ ጭንቀቱ ነው። ኤች ፒ ቪ ፍላጎት አይቀንስም፣ ወንድንም አያሰንፍም። የተወጠረ ሰውነት ግን ከአደጋ ለማምለጥ ነው የሚዘጋጀው። አድሬናሊንና ኮርቲሶል ይጨምራሉ፤ አንጎል ለመራቢያ አካላት የሚልከውን ትዕዛዝ ይቀንሳል። የወር አበባ የሚዛባው፣ ስሜት የሚቀዘቅዘው፣ የሴት ብልት የሚደርቀው በዚህ ነው። ወንዱ ጋም እንደዚያው። ደም ወደ ብልቱ በደንብ የሚሄደው ነርቮቹ ሲረጋጉ ነው። ልቡ እየደለቀ «ዛሬም ባይሆንልኝስ» የሚል ሰው የሚሸነፈው በራሱ ፍርሃት ነው።

ይህን የነገረን አንድም የጤና ባለሙያ አልነበረም። የመብራት ምሰሶ ግን ብዙ ነገረን። አይተውት ይሆናል፤ «ለኪንታሮት፣ ለጨጓራ፣ ለስኳር፣ ለስንፈተ ወሲብ» የሚለውን ወረቀት። (ኪንታሮት የምንለው የፊንጢጣውንም፣ ከኤች ፒ ቪ የሚመጣውን የብልት ላይ እባጭም ስለሆነ ማስታወቂያው ለሁላችንም ይሠራል።) ባለቤቴ ስልክ ቁጥሩን በሞባይሉ ፎቶ አንስቶት አገኘሁ። በትንንሽ ከረጢት የታሸገ «የተፈጥሮ ማር» ገዝቷል። አንዱን ወስዶ ራሱን ሲያመው አደረ። ውስጡ ምን እንደነበረ አናውቅም። የማውቀው የአሜሪካ ምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2022 እንዲህ ያሉ «ማሮች» ላይ ማስጠንቀቂያ ማውጣቱን ነው። ሲመረመሩ የቪያግራና የሲያሊስ ንጥረ ነገር ተደብቆባቸው ተገኝቷል። የእኔ ባል የደም ግፊት ኪኒን ይወስዳል። የልብ መድኃኒት ናይትሬት የሚወስድ ሰው ቢሆን ደግሞ ግፊቱ ወርዶ ሊሞት ይችላል።

እኔ በቴሌግራም ወደሚሸጡት ሄድኩ። በድምፅ መልእክት መለሱልኝ፤ ለስላሳ የወንድ ድምፅ ነው። «እህቴ፣ አትጨነቂ። በ21 ቀን ከሥሩ እንነቅለዋለን። መቶ በመቶ ተፈጥሯዊ ነው።» በዚያ ወር «አትጨነቂ» ያለኝ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው። 6,500 ብር ላክሁ።

ዕቃው በሞተር መጣ። ቡናማ ፈሳሽ በባለ ሁለት ሊትር ሃይላንድ። ስም የለውም፣ ቀን የለውም፣ ከምን እንደተሠራ የሚል ነገር የለውም። ጠዋት በባዶ ሆድ አንድ ሲኒ ይጠጣል። ሌላም በላስቲክ የተቋጠረ ጥቁር ልቁጥ አለ። በጥጥ ተደርጎ ማታ ወደ ውስጥ የሚገባ። ሌሊቱን ምን እንደሆንኩ አልተርክልዎም፣ ሐኪም ነዎት። ጎህ ሲቀድ ሳፋ ውስጥ ቀዝቃዛ ውሃ ላይ ተቀምጬ ነበር። ለሻጩ ስነግረው «እየሠራ ነው ማለት ነው» አለኝ።

በአራተኛው ቀን ሁሉንም ትቼ ወደ ሰፈሬ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። አንዲት ሲስተር ተቀበለችኝ። ቁስሉን አየች። አልተቆጣችም። «እስኪድን ድረስ የማህፀን በርሽን በደንብ ማየት አልችልም» ብላ ለአሥር ቀን ቀጠረችኝ። መድኃኒት የተባለው ነገር ምርመራውን ራሱን አዘገየው ማለት ነው።

ከዚያ ወንበሯን አስጠግታ አሥር ደቂቃ አወራችኝ። የቫይረሱ ዓይነት ከ200 በላይ ነው። ግንኙነት ከሚፈጽሙ ሰዎች አብዛኞቹ በሆነ ወቅት ያገኛቸዋል። ለዓመታት ድምፁን አጥፍቶ ሊቀመጥ ስለሚችል ውጤቱ ማን ከማን እንዳመጣው አይናገርም። (ይህችን አንዲት ዓረፍተ ነገር ሐሙስ ዕለት ብሰማት ባለቤቴ ሳሎን አያድርም ነበር።) ከአሥር ሴቶች የዘጠኙ ሰውነት በሁለት ዓመት ውስጥ ራሱ ያጠፋዋል። ችግሩ ሳይጠፋ የሚቆየው ነው፤ በተለይ 16 እና 18 የሚባሉት ዓይነቶች። ከማህፀን በር ካንሰር 70 በመቶ ያህሉ የእነሱ ሥራ ነው። ያም ቢሆን ጤነኛ መከላከያ ባላት ሴት ላይ ካንሰር እስኪሆን ብዙ ጊዜ ከ15 እስከ 20 ዓመት ይፈጃል። ኤች አይ ቪ ያለባት ሴት ግን ስድስት እጥፍ ለአደጋው የተጋለጠች ናትና ክትትሏ ይጠብቃል።

«ጊዜ አለሽ። ቀጠሮ ግን እንዳታሳልፊ» አለችኝ።

በአሥረኛው ቀን ተመልሼ ሄድኩ። ባለቤቴም መጣ፤ ኮሪደር ላይ ተቀምጦ ጠበቀኝ። ሲስተር የምትቀባውን ፈሳሽ «አቼቶ በዪው» አለችኝ፤ እውነትም ይሸታል። የተበላሸ ሕዋስ ካለ ነጭ ሆኖ ይታያል። ካለም እዚያው በሙቀት ይተኮሳል። እኔ ላይ አልታየም።

ውጥረት ቫይረሱን ያባብስ እንደሆነም ጠየቅኋት። ረጅም ጊዜ የቆየ ውጥረት የሰውነትን መከላከያ እንደሚያዳክም ነገረችኝ። እንቅልፍ መተኛት፣ መንቀሳቀስ፣ በደንብ መብላት ይረዳል። ማጨስ ማቆም ደግሞ ከሁሉም በላይ፤ ሲጋራ ቫይረሱ እንዳይለቅ ያግዘዋል፣ ሺሻም ያው ትምባሆ ነው። «ግን ተረጋጋሁ ብለሽ እንዳትቀሪ» አለች። «አቼቶው መረጋጋትሽን አያይም።» ሳቅሁ። በስንት ጊዜዬ።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልምጣ። በቀጣዩ ቀጠሮዬ ተመልሼ ኤች ፒ ቪውን ስመረመር ኔጌቲቭ ሆንኩ። ያ የቴሌግራም ሰው በዚያው ሰሞን ደወለ። «እህቴ፣ ውጤቱስ?» አለኝ። ከአፌ አመለጠኝና ነገርኩት። «ተመስገን! በድምፅ ምስክርነት ላኪልን፣ ስም አንጠቅስም።» አራት ቀን ብቻ እንደጠጣሁት ነገርኩት። «አራት ቀንም ቢሆን ሠርቷል» አለ።

ክብርት ሚኒስትር፣ የዚህን ንግድ ሂሳብ ይመልከቱልኝ። ከአሥር ሴት ዘጠኟ በራሷ የምትድንበት ነገር ላይ የቧንቧ ውሃ ቢሸጥ እንኳ ዘጠኝ ምስክር ይገኛል። የዘጠኙም ምስክርነት እውነት ነው፤ ውጤታቸው ኔጌቲቭ ሆኗል። አሥረኛዋ ቲክቶክ ላይ የለችም። «ድኛለሁ» ብላ ቀጠሮዋን ትታለች። የምናገኛት ከዓመታት በኋላ፣ ለረጅም ጊዜ የአገሪቱ ብቸኛ የጨረር ሕክምና በነበረው ጥቁር አንበሳ፣ ወረፋ ላይ ነው። የማህፀን በር ካንሰር በአገራችን ሴቶች ላይ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ ሁለተኛ ነው። መከላከል ከሚቻሉት ካንሰሮች ግን ግንባር ቀደሙ ነው።

ዕፅዋትን እየናቅሁ አይደለም። ዶ/ር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው አይደል ምርምሩን የጀመሩት? የቢልሃርዝያን አስተላላፊ የሚገድል ነገር ከእናቶቻችን ሳሙና ውስጥ ወጣ። ኤች ፒ ቪ ጋም ምሳሌ አለ። ከአረንጓዴ ሻይ ቅጠል የተሠራ ቅባት ለብልት ኪንታሮት አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2006 ተፈቅዷል። ግን ተፈትኖ፣ መጠኑ ታውቆ፣ ለውጭ አካል ብቻ ተብሎ ነው። እባጩን ያጠፋል እንጂ ቫይረሱን ከሰውነት ያወጣል አልተባለም። እስከ ዛሬ ኤች ፒ ቪን ራሱን የሚያጠፋ መድኃኒት፣ የፋብሪካም ይሁን የሥራ ሥር፣ የለም። ፀበል የሚሄድም ሰው ላይ አልፈርድም፣ እናቴም ይዛኝ ሄዳለች። ፀበል ቀጠሮ አስቀርቶብኝ አያውቅም። ሃይላንዱ ግን ሊያስቀርብኝ ነበር።

የሠራችሁትንም አልክድም። የኤች ፒ ቪ ክትባት በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች ሲጀመር ሰምቻለሁ። በ2017ቱ ዘመቻ ዕድሜው ወደ 9 ዓመት ሲወርድና አንድ ጊዜ መወጋት ሲበቃ የእኔም ልጅ በትምህርት ቤቷ ተከትባለች። «መካን ያደርጋል» የሚለው ወሬ ደጃችን ድረስ መጥቶ ነበር። የመለሰችው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ናት፤ ቡና ላይ ቁጭ ብላ፣ የራሷን ልጅ ማስከተቧን ነግራን። ለልጆቻችን የተሰጠው ያ የቡና ላይ ጊዜ ለእኛ ለእናቶቹ አልደረሰም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2030 ከመቶ ሴት 70ዋ ትመርመር ይላል። ይህን ያህል ሴት መርምራችሁ ወረቀቱን በመስኮት የምትሰጡ ከሆነ ለሃይላንድ ሻጩ ገበያ እያሰፋችሁለት ነው።

የምለምንዎ ብዙ አይደለም። ፖዘቲቭ የሚለው ወረቀት ያለ ሰው አይሰጥ። ሐኪም ከሌለ ሲስተር ትበቃለች፤ አሥር ደቂቃ ነው። ከወረቀቱ ጋር በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ በሶማልኛና በየአካባቢው ቋንቋ የተጻፈ አንድ ገጽ ይያያዝ። «ይህ ኤች አይ ቪ አይደለም፤ ማን እንዳመጣው አይታወቅም፤ ወደ ውስጥ ምንም ነገር አታስገቢ፤ ቀጠሮሽ ይህ ቀን ነው» የሚል ይበቃል። ባልም አብሮ ይጠራ። በክትትሉም ላይ «እንቅልፍሽስ? ከባለቤትሽ ጋር እንዴት ናችሁ?» የሚል ጥያቄ ይግባበት። የእኔዋ ሲስተር ማንም ሳያዛት ጠየቀችኝ፣ ሌሎቹ ግን ካልታዘዙ አይጠይቁም።

ግልባጭ የተደረገለት ባለሥልጣን ደግሞ ምሰሶውንና ቴሌግራሙን ይይልን። ሕጋዊ የባህል ሐኪሞችን ማሳደድ አይደለም፤ እነሱም ስማቸው እየጠፋ ነው። ፈቃድ የሌለው፣ ስያሜ የሌለው፣ «በ21 ቀን» የሚለው ይጠየቅ።

ልቁጡን በዚያው ሌሊት ጣልኩት። ሃይላንዱ ግን ወጥ ቤቴ ውስጥ፣ ልጆች ከማይደርሱበት ቁም ሳጥን ላይ አለ። ከአራት ሲኒ በቀር አልተነካም። ላቦራቶሪ የሚያየው ሰው ካለ በተጠራሁበት ቀን ይዤው እመጣለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንዲት የአዲስ አበባ ነዋሪ