ወርቅ ስለሌለው ሰም

ይድረስ ለወዳጄ ለጌታነህ፣

እንደምን ከርመሃል? እኔ ለእግዚአብሔር ምስጋና ይግባውና ደኅና ነኝ። ከዚህ ሁሉ ዝምታ በኋላ ስለ ዩቲዩብ ቪዲዮ መጻፌ ሳያስገርምህ አይቀርም፤ ነገር ግን የደብረ ብርሃን ብርድ በጊዜ ቤቴ እያስገባኝ፣ ምሽቱን ምንጫቸው የማይታወቅ አስፈሪ ቪዲዮዎችንና ምስጢራቸውን ለመፍታት የሚሰባሰቡ ሰዎችን በመከታተል አሳልፋለሁ።

እ.ኤ.አ. በ2015 በስፋት የተሰራጨ አንድ ጥቁርና ነጭ ቪዲዮ አለ። የጥንት የወረርሽኝ ሐኪሞች ያጠልቁት የነበረውን ባለ ምንቃር ጭንብል ያደረገ ሰው በፈራረሰ ሕንፃ ውስጥ ቆሟል፤ ከበስተኋላው ጆሮ የሚያስይዝ ጩኸት ይሰማል። ተመልካቾች ድምፁን በኮምፒውተር ወደ ምስል ቢለውጡት የተደበቀ ጽሑፍና ዘግናኝ ፎቶግራፍ ወጣበት። እኔን ይበልጥ የገረመኝ ግን ቦታውን ያገኙበት ትዕግሥት ነው፤ ግድግዳውንና መስኮቱን ከሌሎች ፎቶግራፎች ጋር እያስተያዩ፣ በፖላንድ ኦትቮትስክ የሚገኘው ዞፊዩፍካ የተባለ የቀድሞ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል መሆኑን ደረሱበት። በናዚዎች ዘመን አይሁዳውያን ሕሙማን የተገደሉበት ሕንፃ ነው። ጭንብሉ ያላስፈራኝን ያህል ይህ አስፈራኝ።

ሌላው ታሪክ ያስቃል። ዌብድራይቨር ቶርሶ የተባለ ቻናል፣ ሰማያዊና ቀይ አራት ማዕዘኖች እየተፈራረቁ የሚታዩባቸውን የ11 ሰከንድ ቪዲዮዎች በአሥር ሺዎች ይጭን ነበር። አንዱ የስለላ መልእክት ነው ሲል፣ ሌላው ከሌላ ዓለም የመጣ ነው ይል ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2014 ጉግል የቪዲዮ ጥራት መፈተሻ ቻናሉ መሆኑን አመነ። አንተ መንዝ ቅኔ ቤት የቆየህ ሰው ነህና ፍረደኝ፦ ሰም ባዩ ቁጥር ወርቅ መቆፈር የለመዱ ሰዎች፣ ወርቅ የሌለው ሰም ሲገጥማቸው በምን ያውቁታል? እኔ እንደሚመስለኝ መፍታቱን ከሚችሉት ይልቅ መተውን የሚችሉት ያንሳሉ።

ለዚህ ነው ሲካዳ 3301 የተባለው እንቆቅልሽ የሚያሳስበኝ። እ.ኤ.አ. በጥር 2012 ማንነታቸውን የሰወሩ ሰዎች አስተዋይ አእምሮ እንፈልጋለን ብለው ጀመሩት፤ በ2014 ደግሞ ሩን በሚባል የጥንት የሰሜን አውሮፓ ፊደል የተጻፈ መጽሐፍ አወጡ። አብዛኛው ገጹ እስካሁን አልተፈታም። ባዶ ይሁን ሙሉ መለየት ስላልቻልሁ ጥቂት ገጾች አትሜ ወደ ደብረ ሲና በሚወርድ መኪና እልክልሃለሁ፤ አይተህ የመሰለህን ጻፍልኝ።

ለቤተሰቡ ሁሉ ሰላምታዬን አድርስልኝ።

አክባሪ ወዳጅህ