ዜሮዋን ካርታ አትናቋት

ለተከበረው የዝግጅት ክፍል፦

በ2004 እ.ኤ.አ. ለጌምቦይ አድቫንስ (በእጅ ለሚያዘው የጌም መጫወቻ) የወጣውን፣ በካርታ የሚዋጉበትን የቪዲዮ ጌም «ኪንግደም ሃርትስ፦ ቼይን ኦፍ ሜሞሪስ» ሳያስቡ ቁልፍ መደብደብ ብቻ አድርጎ ማየት ስህተት ነው። ካርታዎቹ ከ0 እስከ 9 ቁጥር አላቸው፤ ትልቁ ትንሹን ይሰብራል፣ ማለትም ጥቃቱን ያከሽፋል። 0 ግን ዘግይታ ከተጣለች 9ንም ሆነ የሦስት ካርታ ድምርን ትሰብራለች፤ ቀድማ ከተጣለች ማንኛዋም ካርታ ትሰብራታለች። ስለዚህ ባላንጣው እስኪጥል ጠብቁ።

ብዙ ሰው የሚሸነፈው ለአንድ ጠንካራ ጥቃት ሦስት ካርታ ሲያጣምር ነው። ከሦስቱ የመጀመሪያዋ በተለመደው መሙላት (የተጣሉትን ካርታዎች ወደ እጅ በመመለስ) አትመለስም፤ ውጊያው በረዘመ ቁጥር እጃችሁ ይሳሳል፣ ዳግም መሙላቱም ይዘገያል። ከፊት ደካማዋን አስገቡ።

ከቀደመው የፕሌይስቴሽን 2 ጌም ዓለሞቹ መደገማቸው በእርግጥ ያሳዝናል። ውጊያው ግን ከዚያኛው ይበልጥ ማሰብን ይጠይቃል፤ ደረጃ ስታድጉም ከጤና (ከሕይወት ነጥብ) በፊት የካርታ መያዣ አቅምን አስቀድሙ።

አንባቢዎቻችሁ